ለማያውቃችሁ ሰው ዋስ

በሶማሌ ክልል በሀርሺን የከብት ገበያ ሻጭና ገዢ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። አንዱ ከሐውድ ግጦሽ መንጋውን ነድቶ የመጣ አርብቶ አደር ነው፤ ሌላው በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ በርበራ ወደብ ለሚወርድ ጭነት በግና ፍየል የሚሰበስብ ነጋዴ። መካከላቸው የሚቆመውን ሰው ሶማሌው ዲላል ይለዋል፣ እኛም ደላላ። ቃሉ በከተማ አማርኛ ክፉኛ ጠቁሯል። እዚያ ግን የሰውዬው ሥራ ዋጋ ማስማማት ብቻ አይደለም። ከፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ዋጋ ሲነጋገሩ የሚታየው የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ በጉ የተሰረቀ እንዳልሆነ፣ ሻጩም የማን ልጅ እንደሆነ መመስከር፣ ነገ «ከብቱ የኔ ነው» የሚል ቢመጣ ተጠያቂ ሆኖ መቆም ነው። አዲስ ንግድ የጀመራችሁ ልጆቼ፣ ሊንክድኢንን የመሰለ የባለሙያዎች መገናኛ ምን ይጠቅመናል ብላችሁ ስትጠይቁ ይህን ሰው አስቡት። ብዙ ወጣት እንደ ሱቅ መስኮት ዕቃ ደርድሮበት ገዢ ሲጠብቅ ይከርምና ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። መስኮትነቱን ተዉት፤ ለማያውቃችሁ ሰው ዋስ የሚሆናችሁ ዲላል አድርጋችሁ ያዙት።

የታመነ ስም ከሱቅና ከዕቃ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው የሶማሌ ንግድ ራሱ ይመሰክራል። ዳሃብሺል የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. በቡርዖ ተመሠረተ። በ1988 የሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ሀርጌሳንና ቡርዖን ሲያፈርስ መሥራቹ ንብረቱን ጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ያ ዘመን ከሀርሺን ብዙም ሳይርቅ ሀርቲሼክ ላይ ከ200,000 በላይ ስደተኛ የሰፈረበት፣ በዓለም ከታወቁት ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ የተተከለበት ነው። ሱቁ ጠፋ፤ «ገንዘቤን ያደርስልኛል» ብሎ የሚያምነው ደንበኛ ግን እንግሊዝም ገባ፣ ዐረብ አገርም ቀረ። ድርጅቱ እንደገና የቆመው በዚሁ በተበተነ ሕዝብ መካከል ነው። ያኔ ስሙን ከአገር አገር ያደረሱት ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ያንን መንገድ በከፊል ስልካችሁ ይሠራዋል።

«እኛ ወገን አለን፣ ዘመድ አለን፣ ስልክ ደውለን እንጨርሳለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቀላል መልስም አይደለም። ዘመድ በችግር ቀን የሚደርስ ነው። ችግሩ ዘመዶቻችሁ የሚያውቁት እናንተ የምታውቁትን መሆኑ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ የምሥራቅ አፍሪካን የቁም እንስሳት ስታግድ፣ እገዳውም እስከ 2009 ሲቆይ፣ የበርበራን መንገድ ተማምኖ የኖረው ነጋዴ ሁሉ ዋና ገዢውን በአንድ ጊዜ አጣ። ሁሉም ወደ አንድ በር ሲያይ ስለሌላ በር ሊነግረው የሚችል በአቅራቢያው አይኖርም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ባለሙያዎች መካከል፣ ያን ሥራ የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወሬውን ያመጣው አልፎ አልፎ የሚታየው ሰው ነው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣና በሊንክድኢን ላይ ከ20 ሚሊዮን በሚበልጡ ተጠቃሚዎች የተፈተነ ጥናትም ላላ ያለ ትውውቅ ከጥብቁ ይልቅ ወደ አዲስ ሥራ እንደሚያደርስ አረጋገጠ። ሁለት ነገር ግን አልሸሽጋችሁም። ጥናቶቹ ስለ ሥራ ፍለጋ እንጂ ስለ ንግድ አይናገሩም፤ ሁለተኛው ጥናት ደግሞ ኮምፒውተር ብዙም ባልገባባቸው ዘርፎች የቅርብ ሰው እንደሚበልጥ አግኝቷል። ስለዚህ ወገናችሁን ትታችሁ ማያ ገጽ ላይ አፍጥጡ አልልም። ከብቱን የሚያቀርብላችሁ ዘመድ ነው፤ አዲሱን ገዢ የምታገኙት ግን ከዘመድ ማዶ ነው።

«አርብቶ አደሩ ሊንክድኢን የለውም» የሚለው ተቃውሞም እውነት ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ሰው አይመለከትም። ጅግጅጋ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የረድኤት ድርጅቶች ቢሮዎች አሉ፤ በቀብሪበያ፣ በአውበሬና በሸደር የስደተኞች መጠለያዎች አሉ። ለእነዚህ ውኃ የሚያመላልስ፣ ብርካ የሚባለውን የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ የሚጠግን፣ ሥጋና ወተት የሚያቀርብ ሰው ይፈለጋል። የግዢ ሠራተኛው፣ የባንኩ ብድር ኃላፊ፣ አዲስ አበባ ያለው የቄራ ሥራ አስኪያጅ፣ ሚኒያፖሊስ ተቀምጦ በትውልድ አገሩ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ሰው፣ ስማችሁን ሲሰማ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋችኋል። ሲፈልግ ምን ያገኛል? አብዛኛው ገጽ «ጄኔራል ትሬዲንግ፣ አስመጪና ላኪ» ይላል፤ ይህ ምንም አይናገርም። «ከሀርሺን፣ ከሀርቲሼክና ከቀብሪበያ ገበያ ጥቁር ራስ በግ እሰበስባለሁ፤ በሚዛን መዝኜ፣ በእንስሳት ሐኪም አስመርምሬ፣ እስከ ጅግጅጋ በራሴ መኪና አደርሳለሁ» የሚለው ግን ገዢው ሊጠይቅ የነበረውን ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ መልሷል። እዚህ ላይ ራስን ማወደስ ነውር ነው ብላችሁ እንዳታፍሩ። ሚዛንን በሚዛንነቱ መናገር ጉራ አይደለም፤ ጉራ የሚሆነው ያላደረሳችሁትን አደረስኩ ስትሉ ነው። ያ ደግሞ የዲላል ሐሰት ነው፤ አንድ ጊዜ የተገኘበት ዲላል በዚያ ገበያ ዳግም የሚሰማው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ በአደባባይ ከታየሁ ግብር ሰብሳቢውም ያየኛል የሚለው ነው። በድንበር አካባቢ የሚነግድ ወጣት ይህን ቢያስብ አልፈርድበትም። ነገር ግን ያለ ፈቃድ የሚነግድ ሰው ማንነቱን ማሳየት ስለማይችል ዋስም አያገኝም፤ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ነጋዴ ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር ለድርጅት ጨረታም ሆነ ለባንክ ብድር አይበቃም። ፈቃዱ ይቅደም፣ ገጹ ይከተል። ደግሞ ገጻችሁ ለአጭበርባሪም ክፍት መሆኑን አትርሱ። «ትልቅ ትእዛዝ አለኝ፣ መጀመሪያ የማስፈጸሚያ ክፍያ ላክ» የሚል መልእክት ከየትም ይምጣ ከማን፣ ገንዘብ አትላኩ።

ሺህ ተከታይ ከማሳደድ ይልቅ ደግሞ ለሦስት ሰው ምስክርነት ድከሙ። ሊንክድኢን አብሯችሁ የሠራ ሰው በራሱ ስም ምስክርነት የሚጽፍበት ቦታ አለው፤ እኔ በበኩሌ ከገጹ ሁሉ የምወደው ያንን ነው። የመጀመሪያውን ጭነት ባስረከባችሁ ሳምንት፣ ተቀባዩ ገና ሳይረሳችሁ፣ ሁለት መስመር እንዲጽፍላችሁ በትሕትና ጠይቁት። «ጎበዝ ልጅ ነው» አይበቃም። ስንት በግ፣ በስንት ቀን፣ ስንቱ ታሞ ወይም ሞቶ እንደደረሰ፣ ለሞተውም ምን እንደተደረገ ይጻፍ። የሞተው ባይጠቀስ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ እናንተው ራሳችሁ ጻፍልን በሉት።