ተቀባይ የሌለው መዝሙር

አምላክን ለማመስገን ያማረ ድምፅ ግድ ነው ወይ? አምቦም ይሁን ጊንጪ ወይም ጉደር፣ መዘምራን አዲስ አባል በሚቀበሉበት ቀን ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ መልሱ ጥብቅ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቶ ድጓውን ለመዝለቅ ተማሪው መምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ማሕሌት የሚቆመውም የተማረው ነው። ይህን ሥርዓት ሰውን ማግለል ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ለፈጣሪ የሚቀርብ ነገር ልፋት ይኑረው የሚል ጽኑ እምነት አለበትና። በዚያው ቅጥር ግቢ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ሴቱም ወንዱም፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዳዲስ መዝሙር ያሰማሉ።

የአፋን ኦሮሞ የወንጌላውያን መዝሙር ታሪኩ ከዚህም ይለያል፤ የጀመሩት በባርነት ተነጥቀው የተሸጡ ሰዎች ናቸው። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ ነው። በልጅነቱ ተሸጦ፣ በኋላ ነጻ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ምጽዋ አጠገብ ተጠመቀ። በ1887 እዚያው እምኩሉ በነበረው ሚሲዮን 100 መዝሙራት የያዘ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የወጣው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1899 ነው። መዝሙሩ ቀደመ! ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቃሉ ሊይዘው የሚችለው እሱን ነበር። እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃሏ የምታውቃቸውን የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በወረቀት አሰፈረች፤ ከፊሎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ፊደል ማስቆጠሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የሰፈር ዘፈን ከሀሁ ጎን ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ ዘፈን በቃል የሚያዘው በመቀባበል ነው፤ በኦሮሞም በአማራም ባህል አውጪው አንድ ስንኝ ሲያወጣ የቆመው ሁሉ ይቀበላል። አጭር መልስ ነው፤ አንዴ የሰማው ይይዘዋል፣ ጭብጨባው ደግሞ ስንኙ የጠፋበትን ይመልሰዋል። የዛሬዎቹ መዘምራን ሊጠብቁት የሚገባው ይህንን መቀባበል ነው። ኪቦርዱና ማጉያው ሲበረቱ፣ አዲሱ መዝሙር በየሳምንቱ ሲቀያየር፣ ምእመኑ ከተቀባይነት ወደ አድማጭነት ይወርዳል። አዲስ መዝሙር መውጣቱ መልካም ነው፤ ጉባኤው ካልተቀበለው ግን ገና ግማሽ ነው።

ስለዚህ አዲሱ መዝሙር መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት አዝማቹን ጉባኤው ያጥናው። ዜማ የሚስት ሰው አባል ልሁን ብሎ ሲመጣም መሪው አይመልሰው፤ ድምፀ ጠንካራ ከሆነ ዘማሪ አጠገብ አቁሞ ከተቀባዮቹ ጋር ያስጀምረው።