«ሜዳውን ብቻ ነው የመታነው» ማለት ይበቃልን?

ጦርነት ክፉ ነው ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው፤ ይኽንን የማያውቅ አንባቢ የለንም። የሚያከራክረን ሌላ ነገር ነው። ጦርነት አንዴ ከተጀመረ በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ክፋት ውስጥ ንጹሕ ሥራ መሥራት ይቻላል ወይ? አንድ ወታደር ማታ ጋደም ሲል «ዛሬ የመታሁት መመታት የነበረበትን ብቻ ነው» ብሎ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ወይ? ጥያቄውን በደፈናው ከያዝነው ማለቂያ የለውም። ስለዚህ አንድ ምሳሌ እንምረጥ። ያውም ለወታደሩ የሚያደላውን፣ ከዒላማዎች ሁሉ ንጹሕ የሚመስለውን እንምረጥለት። ይኸውም የጠላት የጦር አውሮፕላን ሜዳ ነው። (የእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጹሕ የሚመስልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሜዳው ከተማ አይደለም፤ ገበያ አይቆምበትም፤ ልጆች አይጫወቱበትም። በላዩ ያለው መንደርደሪያ፣ ሃንጋር፣ ነዳጅ፣ ጥይትና ወታደር ነው። እዚያ ቆሞ የሚቃጠል አውሮፕላን ነገ ማንንም አይገድልም። ይኽን ለመረዳት ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን የሩቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በዚያን ቀን አንዱን የደሴ ሰው ይዘን «እነዚህ አውሮፕላኖች ሳይነሡ፣ እሜዳቸው ላይ እንደ ቆሙ ቢቃጠሉ ትወድ ነበር ወይ?» ብለን ብንጠይቀው ምን ይለን ነበር? ጥያቄው ራሱ ስድብ ይሆንበታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከሰማይ ቦምብ ለወረደበት ሕዝብ የአውሮፕላኑን ሜዳ መምታት ከመከላከል የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ለወታደሩ የሚገባውን ሰጠነው። ከዚህ በኋላ ወደ አንድ የታወቀ ቀን እንሂድ።

ኦገስት 15 ቀን 1944 የእንግሊዝ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጦር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሆላንድና በቤልጅግ የሚገኙ ዘጠኝ የጀርመን አውሮፕላን ሜዳዎችን መታ። ከአንድ ሺህ በላይ አውሮፕላኖች ተሰማሩ፤ አብዛኞቹ ላንካስተርና ሃሊፋክስ የሚባሉት ባለ አራት ሞተር ከባዶች ናቸው። ዴለን፣ ፌንሎ፣ ሱስተርበርግ፣ ቮልከል ከተመቱት ውስጥ ነበሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዒላማው በዓይን ይታያል። ያን ቀን የጠፉት ሦስት ላንካስተሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ድብደባው በሁሉም ሜዳዎች እንደ ተሳካ ተቆጠረ።

ለምን እነዚህ ሜዳዎች? ምክንያቱም የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከእነርሱ ነበር። ተዋጊዎቹ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ነበሩ ለማወቅ ማርች 30 ቀን 1944 ሌሊት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ ኑረምበርግን ሊመቱ ከተነሡት 795 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች 95ቱ አልተመለሱም። በአንድ ከባድ አውሮፕላን ውስጥ እንደ ልማዱ ሰባት ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ የእኛን ዕድሜ የሚያህሉ ልጆች ነበሩ፤ ሃያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከዚህ ጦር የሞቱት አብራሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከ55,000 በላይ ናቸው። የእነዚህ ልጆች አዛዥ ገዳዮቻቸውን እጎሬያቸው ድረስ ሄዶ ቢመታ ማን ይፈርድበታል? እኛስ አንፈርድም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

አንዱ ችግር የታወቀው ነው። ቦምብ የተላከበትን ቦታ ሁልጊዜ አያገኝም። በ1941 የእንግሊዝ መንግሥት የራሱን አብራሪዎች ፎቶግራፎች ቢያስመረምር፣ ዒላማችንን መታን ካሉት አውሮፕላኖች ከሦስት አንዱ ብቻ ነበር ከዒላማው ስምንት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የደረሰው። ስምንት ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ከተማ ለከተማ ነው! በ1944 ነገሩ በብዙ ተሻሽሏል፤ በቀን ብርሃን ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ራሳቸው ባደረጉት ጥናት፣ ለይቶ ለመምታት ከተጣሉት ቦምቦች ከተተኮረበት ነጥብ ሦስት መቶ ሜትር ክልል ውስጥ የወደቁት ከመቶ ሃያ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰማንያዎቹስ የት ወደቁ? እማሳ ላይ፣ እጫካ ላይ፣ አንዳንዴም ሰው ቤት ላይ። የማን ቤት? በሆላንድና በፈረንሳይ ከሆነ ነፃ ሊያወጡት የመጡለት ሕዝብ ቤት። የሜዳውን ጉድጓድ እንዲደፍን በጀርመኖች የሚገደደውም ያው ሕዝብ ነው።

የሻርትርን ነገር እናንሣ። ሻርትር በካቴድራልዋ የታወቀች የፈረንሳይ ከተማ ናት፤ በአጠገብዋ የጀርመን አውሮፕላን ሜዳ ነበር። ሜይ 26 ቀን 1944 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ያን ሜዳ ሊመቱ ሲመጡ አንዳንድ ቦምቦች ከተማው ውስጥ ወደቁ። ሰው ሞተ። የከተማው ቤተ መጻሕፍትም ተቃጠለ፤ ከመካከለኛው ዘመን የተረፉ ብራናዎች እጅግ ብዙዎቹ በዚያ እሳት አለቁ ወይም ተበላሹ። በ12ኛው መቶ ዓመት በዚያች ከተማ ያስተማረው ቲዬሪ የሚባል ሊቅ ሰባቱን ጥበባት ለማስተማር መጻሕፍትን የሰበሰበባቸው ሁለት ጥራዞች ከጠፉት ውስጥ ናቸው። አስቀድሞ ፎቶ ተነሥተው ስለ ነበር ምስላቸው ብቻ ቀርቶልናል። ብራና ምን እንደ ሆነ፣ አንድ መጽሐፍ ስንት በግና ስንት የጸሐፊ ዓመት እንደሚበላ ለምናውቅ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ፈላስፎች የቆየ መልስ አላቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኲናስ ራስን ስለ መከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችልና ከሁለቱ የታሰበው አንዱ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። አብራሪው ያሰበው ሜዳውን ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን አላሰበም። ስለዚህ ነፍሰ ገዳይ አይባልም። መልሱ እውነትነት አለው፤ ግን በጣም ርካሽ ሊሆን ይችላል። «አላሰብኩም» ማለትማ ማንም ይላል! ማይክል ዋልዘር የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1977 ስለ ፍትሐዊና ኢፍትሐዊ ጦርነት ባወጣው መጽሐፍ ይኽንኑ ድካም አይቶ አንድ ነገር ጨመረበት። አለማሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላው እንዳይጎዳ ማሰብ፣ ለዚያም ሲባል ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ያስፈልጋል አለ።

ምሳሌውም ከዚያው ጦርነት የመጣ ነው። ከእንግሊዝ አገር እየተነሡ በጀርመን የተያዘችውን አገራቸውን የሚደበድቡ ነፃ ፈረንሳውያን አብራሪዎች ነበሩ። በኋላ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ፒዬር ማንዴስ ፍራንስ አንዱ ነው። አውሮፕላኖቻቸው ቀላል ያሉ ነበሩ። ዒላማቸውን አጥርተው ለመምታትና ወገኖቻቸውን ለማትረፍ ሲሉ ዝቅ ብለው ይበሩ ነበር፤ ዝቅ ማለት ደግሞ ለመድፍ መጋለጥ ነው። ከታች ያለው ሰው ዘመዴ ነው ብለው አደጋውን ከእርሱ ላይ አንሥተው እራሳቸው ላይ ጫኑት። እኛን የሚያስጨንቀን ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ነው። ከታች ያለው ዘመድ ባይሆንስ? ዝቅ የሚል ማን አለ?

እዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ሳተ ቦምብ ነው። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ያልሳተ ቦምብ ጥያቄ እንደሌለበት ተደርጎ ይታለፋል። እኛ ግን የሚከብደው ያልሳተው ነው እንላለን።

ወደ ኦገስት 15 እንመለስ። ሰማዩ የጠራ፣ ዒላማው ወታደራዊ፣ ድብደባው የተሳካ። ግን ዓላማው ምን ነበር? በጀርመን ላይ የሌሊቱን ዘመቻ እንደገና ለመጀመር መንገድ መጥረግ ነበር። የሌሊቱ ዘመቻ ደግሞ በአመዛኙ የከተማ ዘመቻ ነው። የጦሩ አዛዥ አርተር ሃሪስ ጀርመንን የሚያንበረክከው የከተሞችዋ መፍረስ ነው ብሎ በግልጽ የሚያምን ሰው ነበር። አራት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1944 ሌሊት፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ላንካስተሮች ዳርምሽታት የምትባለዋን ከተማ መቱ። መሐል ከተማው በእሳት ነደደ፤ ወደ 12,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን ሳይለይ።

ፌንሎ ላይ የወደቀው ቦምብ ዳርምሽታትን አላቃጠለም፤ ልክ ነው። ወደ ዳርምሽታት የሚያስኬደውን በር ግን ከከፈቱት እጆች አንዱ ነው። የበሬው ተረት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሻርትር ላይ ቦምቡ ሳተ፤ ዓላማው ግን ወራሪውን ለማስወጣት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጁን 6 ቀን፣ ኖርማንዲ የወረዱት ወታደሮች በባሕሩ ዳር የጀርመን አውሮፕላን እምብዛም ያላገኛቸው አስቀድሞ በሜዳና በሰማይ በተደረገው ውጊያ ምክንያት ነው። ፌንሎ ላይ ደግሞ ቦምቡ ዒላማውን አገኘ፤ የጠረገው መንገድ ግን ወደሚነድ ከተማ ያደርሳል። የትኛው ነው ንጹሑ? ዒላማውን ብቻ የሚመለከት ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም አንድም ቤተ መጻሕፍት አልነደደበትም። እኛ እንዲህ ያለውን ንጽሕና እንጠረጥራለን።

«እንዴ! እንዲህ ከሆነማ በጦርነት ውስጥ አንድም ነገር ሊሠራ አይቻልም፤ ዳቦ ጋጋሪውም ለወታደር ጋግሯልና ተጠያቂ ነው» የሚለን ይኖራል። ጥሩ ተቃውሞ ነው። መልሳችን ኃላፊነት በእውቀትና በሥልጣን ልክ ይከፋፈላል የሚል ነው። ከላንካስተሩ ጅራት የተቀመጠው የሃያ ዓመት ልጅ የሚቀጥለው ወር ዕቅድ አይነገረውም፤ የታዘዘው ሜዳ እንዲመታ ነው፤ ሜዳ መታ። ያቀደው ግን ያውቅ ነበር። ተቃውሞም አልሰማም ሊባል አይችልም። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1944 ጳጳሱ ጆርጅ ቤል በእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ተነሥቶ፣ የጦር ዒላማን መምታት ሌላ፣ ከተማን ሙሉ ማጥፋት ሌላ መሆኑን ለመንግሥቱ ፊት ለፊት ተናግሯል። አልወደዱለትም፤ ቃሉ ግን ተነግሮ ነበር።

ከሌላ ጦርነት ደግሞ የአንድ ሰው ታሪክ እንጨምር፤ ለአገራችን እንግዳ ያልሆነ ሰው ነው። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባለው ስዊድናዊ በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አብራሪ ሆኖ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከዚያም ጦርነት በኋላ ተመልሶ የአየር ኃይላችንን ሲያሠለጥን ኖረ። በ1968 ለቢያፍራ ረሃብተኞች እህል ያመላልስ ነበር። በሜይ 1969 ግን አምስት ትንንሽ የመለማመጃ አውሮፕላኖችን ሮኬት አስጠምዶ፣ ዛፍ ለዛፍ እየበረረ፣ በፖርት ሃርኮርት፣ በቤኒንና በኤኑጉ የቆሙትን የናይጄሪያ የጦር አውሮፕላኖች መታ። የቢያፍራን ሕዝብ የሚደበድቡትን አውሮፕላኖች በምድር ላይ እያሉ ማጥፋት አለብኝ ባይ ነበር። ጻድቅ አናደርገውም፤ የእህሉ አብራሪ ሮኬት መተኮሱ ብዙ ሰው አነጋግሯል፤ ጦርነቱም በጃንዋሪ 1970 በቢያፍራ ሽንፈት አለቀ። ነገር ግን ከሺህ አውሮፕላን ድብደባ የሚለይበትን ልብ እንበል። ዒላማውን በዓይኑ ያየዋል፤ አደጋውን ራሱ ይሸከማል፤ ከሜዳው ቀጥሎ ሊያቃጥለው የተዘጋጀ ከተማ የለውም። እርሱም በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ ለድርቅ ተጎጂዎች እርዳታ ሲሠራ፣ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። የጠላትን የአውሮፕላን ሜዳ መምታት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ግዴታ ነው፤ የደሴ ሰዎች ይመሰክራሉ። ግን «ሜዳውን ብቻ ነው የመታነው» የሚል ሁሉ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ቦምቡ ቢስት የሚወድቀው ማን ላይ ነው? አደጋውን የተሸከመው ማን ነው፣ አንተ ወይስ ከታች ያለው? የጠረግኸው መንገድስ ወዴት ያደርሳል? የመጀመሪያውን ጥያቄ መኮንኖች በካርታ ይመልሱታል። ሁለተኛው ልብ ይፈልጋል። ሦስተኛውን ለመመለስ ዕቅዱን ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ጥያቄው ከአብራሪው ይልቅ ካርታው ጠረጴዛ አጠገብ ለተቀመጠው ነው።

አንድ ነገር ግን እኛም አልፈታነውም። ያ ከጅራት የተቀመጠው ልጅ በሴፕቴምበር 11 ሌሊት ወደ ዳርምሽታት ሲላክ ምን ማድረግ ነበረበት? እምቢ ይበል ለማለት በሞቀ ክፍል ቁጭ ብሎ ቀላል ነው። ይሂድ ማለት ደግሞ 12,000 ሰው ያህል ይከብዳል። የተሻለ መልስ ያለው ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ያስነብበን።