የታመመ ሰው ቦታው እስከ መቼ ይጠበቅለታል?

ታላቅ ወንድሜ የወገብ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት አምስተኛ ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ነቅቼ ብመለከት፣ ጓሮ ወጥቶ ውሃ የሞላ ጀሪካን ለማንሣት ይታገላል። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ከልክሎህ የለም ወይ?» ብለው፣ «ሐኪሙ ደመወዝ አይከፍለኝም» አለኝ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። እንግዲህ ወንድሜ አሁን ባዶ እጁን ነው፤ የቀረውም አንድ ወር ብቻ። አጥንት ደግሞ አዋጅ አያነብም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አሠሪው በደለኛ ነውን? እኔ በችኮላ አዎን ልል ነበር። ነገር ግን የወንድሜን ማሽን ከራሱ ጋር ደርቦ የሚያሠራ ባልደረባ አለ፤ እርሱም ወገብ አለው። ቦታውን ለዘለዓለም ጠብቁለት ማለት የዚያን ሰው ድካም መርሳት ይሆናል። የምነቅፈው ዝምታውን ነው። ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ይኖር እንደሆነ ያሰበለት፣ ከሌለም «የለም፣ ሌላ ፈልግ» ብሎ በጊዜ የነገረው የለም። ሕጉ 6 ወር ሲል ከዚያ አታሳንሱ ማለቱ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ አትዘኑ ማለቱ አይመስለኝም።

እኛስ? ሆስፒታል ሳለ ብርቱካን ይዘን ተሰልፈን ነበር፤ (የብርቱካን ዋጋ አይነሣ!) ቤቱ ከገባ ወዲህ ማን መጣ?

ነገ የሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ ሄጄ አለቃቸውን እንዲያነጋግሩለት ልለምናቸው አስቤአለሁ። ጀሪካኑን ደብቄዋለሁ።