የአባት ዳዊት፣ የእናት ሞሰብ
የሳምንቱ ንባብ፦ ኤርምያስ 36



ከቤታችሁ ስትወጡ ምን ያዛችሁ? አንዳንዱ የአባቱን ዳዊት በብብቱ ይዞ ተሻግሯል። አንዷ የእናቷን የብር መስቀል በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ አምጥታለች። ሌላው ይዞ የመጣውን እዚህ ሸጦ በልቷል። ብዙው ደግሞ ከልጁና ከነፍሱ በቀር ምንም አልያዘም። ለሁላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የወላጅ ዕቃ ሲሰበር፣ ሲሸጥ ወይም ሲጠፋ ትዝታውም አብሮ ይሄዳል ወይ?

«ዕቃ ዕቃ ነው፣ ዋናው ነፍስ ነው» የሚል አለ። እውነቱን ነው። ቢሆንም መጽሐፍ ቅዱስ ዕቃን አይንቅም። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም የወሰደውን የቤተ መቅደስ ዕቃ ንጉሥ ቂሮስ ሲመልስ፣ እየተቆጠረ ነበር የተሰጠው (ዕዝራ 1፥7-11)። ድምሩ 5,400 ነው፤ 29 ቢላዋ እንኳ ሳይቀር ተጽፏል። ስደተኛ ሕዝብ ቢላዋውን የሚቆጥረው ስስታም ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ «እኛ እነማን ነበርን?» ለሚለው ጥያቄ ምስክር ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ንባብ እንምጣ። ባሮክ ከኤርምያስ አፍ እየሰማ የጻፈውን መጽሐፍ ንጉሥ ኢዮአቄም በቢላዋ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው። እግዚአብሔር ግን «በቃ፣ ጠፋ» ብሎ አልተወውም፤ እንደገና እንዲጻፍ አዘዘ። ባሮክም እንደገና ጻፈው። ምዕራፉ የሚያልቀው ሌላ ብዙ ቃል እንደተጨመረበት በመናገር ነው (ቁጥር 32)። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ከፊተኛው በለጠ እንጂ አላነሰም።

ጥገና ማለት ይሄ ነው። ድጉሱ የተቀደደ፣ ስፌቱ የላላ ዳዊት ያላችሁ፣ አስጠግኑት። ገበታው ሊቀየር ይችላል፣ ቆዳውም አዲስ ሊሆን ይችላል። የሰም ጠብታውን ግን አታስፍቁ፤ አባታችሁ ሌሊት የጸለየበት ነው። የልጆች ልደትና ክርስትና የተጻፈበትን ባዶ ቅጠልም «ቆሽሿል» ብላችሁ አታስቆርጡ። ይልቅ ከሥሩ ጨምሩበት። ኡም ራኩባ ወይም ቱናይድባ የተወለደውን ልጅ ስም ከአያቱ ስም በታች ጻፉ። የእናታችሁ ሞሰብ ጠርዙ ተፈትቶ እንደሆነ፣ እዚህ አክርማና ስንደዶ ባይገኝ ከማዳበሪያ በተመዘዘ ክር ስፉት። ልዩነቱ ይታያል፣ ይታይ! ልጆቻችሁ ነገ «ይሄስ ለምን ሌላ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ስደቱን የምትነግሩበት በር ይከፈትላችኋል።

የሸጣችሁስ? የእናቷን ወርቅ ገዳሪፍ ገበያ አውጥታ ሸጣ ለልጇ መድኃኒት የገዛች እህቴ ሆይ፣ በሌሊት «እናቴን ከዳሁ» እያልሽ ታለቅሻለሽ። ዳዊት ሲራብ ካህኑ የተቀደሰውን ኅብስት ሰጠው (1 ሳሙኤል 21)። ጌታም ይህን አስታውሶ ለተራቡት ደቀ መዛሙርቱ ተከራከረ እንጂ ዳዊትን አልከሰሰውም (ማቴዎስ 12)። እናትሽ ያንን ወርቅ ያስቀመጠችው ለክፉ ቀን ነበር። ክፉው ቀን መጣ፣ ወርቁም ሥራውን ሠራ። አልከዳሻትም፤ ያሰበችውን ፈጸምሽላት።

ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ገዢው ነው። ጎረቤትህ ሲቸግረው የአባቱን መስቀል በርካሽ ጠቅልለህ የምትወስድ ወንድሜ፣ ዘዳግም 24ን አንብብ። ሕጉ ወፍጮን መያዣ አድርጎ መውሰድ ይከለክላል። የድሃ መጎናጸፊያ የያዘም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ያዛል። ብታበድረው መልካም ነው። ከገዛኸውም ቶሎ አታዙርበት፤ ገንዘብ ሲያገኝ በገዛህበት ዋጋ እንዲወስደው ጊዜ ስጠው።

ምንም ያልቀረላችሁስ? የቆምንበትን መሬት ተመልከቱ። ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ለእኛ ከመከፈቱ በፊትም የስደተኛ ሰፈር ነበር። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከጎንደር አገር ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ተጉዘው እዚህ ደረሱ። በመንገድ ሽፍታ የዘረፋቸው ብዙ ናቸው። ብዙዎችም በረሃብና በበሽታ አልቀው እዚሁ ተቀበሩ። የተረፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሱዳን መንገድ ላለቁት መታሰቢያ ቆሟል። በየዓመቱም ቤተሰቡ እዚያ ተሰብስቦ ያስባቸዋል። መቃብሩ እዚህ፣ ልጆቹ እዚያ ናቸው፤ በመካከል ያለው ድልድይ የተነገረ ቃል ነው።

ዕቃው የጠፋበት ሰው ኀዘኑ ተገቢ ነው፤ ቃል ወርቅን አይተካም። ባሮክም ቢሆን የተቃጠለውን ብራና ከአመዱ አላወጣውም። ቃሉን ግን ከሰማበት አፍ እንደገና ሰማ። እናንተም አፉ ሳይዘጋ ጠይቁ። በዚህ ሳምንት ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡና አንድ የጠፋ ዕቃ ጥሩ፤ ማን ሠራው፣ ማን ለማን ሰጠው፣ በየትኛው በዓል ይወጣ ነበር? ከልጆቹ መካከል መጻፍ የሚችለው በደብተሩ ይጻፈው። ሲጨርስም የራሱን ስምና ይህን ሰፈር ይጨምርበት።

የባሮክን እጅ ያበረታ አምላክ የእናንተንም እጅ ያበርታ። አሜን።