ስም የተጻፈበት ስጦታ

የረመዳን ጾም ተፈቶ ሸዋል ሲገባ በየሰፈራችን የኒካህ ጥሪ ይበዛል። ብዙም ሳይቆይ ዐረፋ ይደርሳል፤ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል፣ ለልጆች አዲስ ልብስ ይገዛል፣ የተሸፈነ ሰሃን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ቃል ተደጋግሞ ይሰማል፤ «ለየት ያለ» የሚል። ለየት ያለ የጥሪ ካርድ፣ የሙሽሮቹ ስም የታተመበት ስኒ፣ ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበት የከረሜላ መጠቅለያ፣ ሚዜዎች ሁሉ በአንድ ቀለም የሚለብሱት ልብስ፣ ለዒድ ደግሞ የተቀባዩ ስም በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት ሳጥን። ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጉና ተራራ አቅጣጫ በምትገኘው በደጋይቱ ደብረ ታቦርም ይኸው ፋሽን ገብቷል።

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄዬ ይህ ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚል አይደለም፤ ያንን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት የሚመጣ ነው። አንድን ስጦታ «የአንተ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? የተቀባዩ ስም ስለተጻፈበት ነውን? ወይስ ሰጪው ተቀባዩን በእርግጥ ስላሰበው?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ ውበትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ኒካሕ በድብቅ እንዳይሆን፣ ይፋ እንዲወጣ፣ ድቤም እንዲመታበት ፈቅደዋል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ማግባቱን ሲሰሙ በአንዲት በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ ነግረውታል። ስጦታ መሰጣጣት ፍቅርን እንደሚያመጣም ተናግረዋል። ስለዚህ ደስታ፣ ጌጥና ስጦታ ከዲናችን ውጭ የመጡ ነገሮች አይደሉም። ጥያቄው ጌጡ ማንን ያከብራል የሚለው ነው።

ለዚህ ከራሳችን አገር ታሪክ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት፣ በአጠገቧ ባለችው በጋፋትም መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1862 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ ስጦታ ደርሷቸው ነበር። ያመጣው ቆንስል ካሜሮን ሲሆን ስጦታው በብር የተለበጡ ጥንድ ሽጉጦች ነበሩ። በብሩ ላይ የሰጪዋና የተቀባዩ ስም፣ እንዲሁም ንጉሡ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የቀረበ ምስጋና ተቀርጾበታል። ዛሬ «ለየት ያለ» ከምንለው ስጦታ በምን ያንሳል? ስም አለበት፣ ብር አለበት፣ ምክንያቱም ተጽፎበታል። ዐፄ ቴዎድሮስም ለንግሥቲቱ ወዳጅነትን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡ ተናቅሁ አሉ። በ1864 እ.ኤ.አ. ቆንስሉን አሰሩ፤ ከዚያም የእንግሊዝ ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉት ከእነዚያው ስም ከተቀረጸባቸው ሽጉጦች በአንዱ እንደሆነ ይተረካል።

ይህን ያነሳሁት የመንግሥታትን ፖለቲካ ለመተንተን አይደለም። ስም መቅረጽ ሰውየውን ከመስማት ጋር አንድ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ስሙን በብር ላይ ያየ ሰው ደብዳቤው ሳይመለስለት ሲቀር፣ የብሩ ጽሑፍ ቁስሉን አላሻረለትም። የእኛም ሠርግ እንዲሁ ነው። ስሙ በካርድ ላይ በሚያምር ፊደል የታተመለት እንግዳ፣ ደርሶ የሚያናግረው ሲያጣ ካርዱ ምን ይጠቅመዋል? አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ይህንን ሲያውቁ ነው።

እንግዲህ እውነተኛው «ለየት ያለ» ነገር የት ይገኛል? እኔ ያየሁት ሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ጎንደር ደጋ በየዳሱ ውስጥ አለ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም ነበር። እንዲህ ባለ አገር የሙስሊም ሠርግ ያለ ክርስቲያን ጎረቤት፣ የክርስቲያኑም ሠርግ ያለ ሙስሊም ጎረቤት አይሆንም። አንዱ ሌላው ያረደውን ግን አይበላም። ታዲያ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ምን ያደርጋል? ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ «ለእናንተ የሚሆነውን እናንተው እረዱት» ብሎ በጉን ያስረክባል፤ ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ መቀመጫውም ለብቻ ይሰናዳል። ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። በዚያ ድስት ላይ የማንም ስም አልተጻፈም። ነገር ግን ከዚያ የበለጠ «አንተን አስቤሃለሁ» የሚል ስጦታ ከየት ይመጣል? አስተናጋጁ የእንግዳውን እምነት አውቆ፣ ሳይለመን፣ ሳያሳፍር፣ ተጨማሪ ወጪና ድካም ተሸክሞ አዘጋጅቶለታል።

በዒድም ቢሆን ልማዱ ያው ነው። ሥጋችንን የማይበላ ጎረቤት አለን ብለን አንዘጋበትም፤ ዳቦ ይላካል፣ ቡና ይፈላል፣ ማር ይቀርባል። ዒድ በአገራችን በሕግ የታወቀ የበዓል ቀን የሆነው ከ1966ቱ ለውጥ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ግን የጎረቤት ሰሃን ሕግ ሳይጠብቅ በዓላችንን በዓል ብሎ ያውቀው ነበር።

ይህ ነገር ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም የራቀ አይደለም። ዘይነብን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ከቴምር፣ ከቅቤና ከአይብ ሐይስ የሚባለውን ምግብ አዘጋጅታ በልጇ በአነስ እጅ ላከችላቸው፤ ትንሽ መሆኑንም አብራ ነገረች። እርሳቸውም ተቀብለው ሰዎችን አስጠሩ፤ በአላህ በረካ ብዙ ሰው ከዚያች ሰሃን በላ። እነሆ የሠርግ ስጦታ! በእጅ የተሠራ፣ ከአቅም ያላለፈ፣ ይቅርታውን አብሮ የያዘ።

ስለ እጅ ሥራ ካነሳን፣ ለእኛ አንድ የሚያሳስብ ጉዳይ አለ። በጎንደርና በበጌምድር ሽመና በብዛት በሙስሊሞች እጅ የነበረ ሙያ መሆኑን የጥንት ተጓዦች ጽፈዋል። መሬት የማግኘት መብቱ የጠበበበት ሙስሊም በንግድና በሸማ ሥራ ይኖር ነበር። ሙሽራዋ የደመቀችበት ጥበብ፣ ሽማግሌው የተከበረበት ጋቢ ከዚያ ሰው ጉድጓድ ወጣ፤ ሠሪው ግን «ሸማኔ» ተብሎ ተናቀ። ዛሬ እኛ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ከሩቅ አገር ፋብሪካ የመጣ ዕቃ ላይ ስም አሳትመን «በእጅ የተሠራ ይመስላል» እንላለን። ከዚሁ ከሰፈራችን ሸማኔ ለሙሽራው እናት አንድ ነጠላ፣ ከሰፌድ ሠሪዋ እናት አንድ መሶብ ብናሠራ፣ ስጦታው ለተቀባዩ ክብር፣ ለሠሪውም እንጀራ ይሆናል። አንድ ስጦታ ሁለት ሰው ሲያከብር ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። በአንዳንድ ሠርጎቻችን ስጦታ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። እገሌ ይህን ያህል ሺህ፣ እገሊት የወርቅ ሐብል! ይጨበጨባል፤ ቪዲዮ ይቀረጻል። ከዳሱ ጥግ ሁለት መቶ ብር በወረቀት ጠቅልላ የያዘችው ምስኪን አክስት እጇን ወደ ነጠላዋ ትመልሳለች። ያችን ሴት ማን አሰባት? ኒካሑን ይፋ ማድረግ ሱና ነው፤ የስጦታውን መጠን ይፋ ማድረግ ግን ከየት መጣ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጋብቻው እንዲታወቅ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ድሃው እንዲታወቅበት ያደርጋል። ቁርኣን ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስቀየም እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። ሀብታም ተጠርቶበት ድሃ የተከለከለበት ወሊማ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑም በሐዲስ ተነግሯል። ድሃውን ጠርቶ ማሸማቀቅስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

ሌላው ደብተሩ ነው። ማን ምን እንዳመጣ ይመዘገባል፤ ነገ በእርሱ ሠርግ ልክ በልኩ ይመለስለታል፤ ካልተመለሰ ቅያሜ ነው። መረዳዳቱ ክፉ አይደለም። የገጠሩ ሰው እንጨት ተሸክሞ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ውኃ ቀድቶ ሠርግን የጋራ ማድረጉ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ጉልበቱ በብር ሲተካ፣ ብሩም በየዓመቱ ከፍ ሲል፣ ስጦታው ስሙን ብቻ ይዞ ዕዳ ይሆናል። ዕዳን ደግሞ በሚያምር ወረቀት ብንጠቀልለው ያው ዕዳ ነው።

ከስጦታዎች ሁሉ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው መህር ነው። ቁርኣን መህርን ለሴቲቱ በደስታ የሚሰጥ ስጦታ ብሎ ጠርቶታል። የአባትዋ አይደለም፣ የወንድምዋ አይደለም፣ ለቪዲዮም አይደለም፤ የእርስዋ ነው። ዐሊ (ረ.ዐ.) ለፋጢማ (ረ.ዐ.) የጦር ጥሩራቸውን ሰጡ፤ ሌላው ሶሐባ ያለው ቁርኣን ብቻ ስለነበር በሚያውቀው ቁርኣን ተዳረ። ዛሬ ግን ለአዳራሽ ማስዋቢያ በእጅ ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ፣ መህሩን «በኋላ» ብሎ በወረቀት የሚያሳድር ሙሽራ እናያለን። የአበባው ባለቤት ተከፈለው፤ የመህሩ ባለቤት ትጠብቃለች። ለሙሽራዋ «ለየት ያለ ነገር» ያሰበ ሰው ከዚህ ይጀምር።

«በሕይወት አንድ ጊዜ ነው፤ ገንዘቡም የራሴ ነው፤ ማንን ጎዳሁ?» የሚለኝ ወጣት ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በእርግጥም ሐላል ገንዘቡን በልኩ ሊደሰትበት መብቱ ነው። ነገር ግን ሠርግ ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም። አንድ ነጋዴ የሰቀለው መስፈርት ለጎረቤቱ አስተማሪ ልጅ ሸክም ይሆናል፤ የከተማው ለገጠሩ ይተርፋል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው አባት ለአንድ ቀን ድግስ የእርሻ በሬውን ለመሸጥ ከተገደደ፣ ያ በሬ በቀጣዩ ክረምት አያርስም። ወጪውን ፈርቶ ኒካሑን ከዓመት ዓመት የሚያሻግር ወጣትስ ስንት ነው? ማንን ጎዳሁ ለሚለው መልሱ እነዚህ ናቸው። ስማቸው ግን በካርዱ ላይ የለም።

በበዓል ስጦታም ፈተናው ይኸው ነው። ዘካተል ፊጥር ከሶላት በፊት እንዲደርስ የታዘዘው ድሃው በዒድ ቀን ከልመና እንዲያርፍ ነው። ዛሬ ግን ዘይትና ዱቄት ሲሰጥ የተቀባይዋ ፊት በስልክ ካሜራ ይነሳል። ሳጥኑ ላይ የሰጪው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የእርስዋ ስም ግን አልተጠየቀም። ለልጆቻችን ስንሰጥም ኑዕማን ኢብኑ በሽር (ረ.ዐ.) የተረኩትን እናስታውስ። አባታቸው ለእርሳቸው ለብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር እንዲሆኑ ሲጠይቁ፣ ለሁሉም ልጆችህ እንዲህ ሰጥተሃልን ተብለው ተጠየቁ፤ አለመስጠታቸው ሲታወቅ ነቢዩ አልመሰክርም አሉ። ፍትሕ የጎደለው ስጦታ ምስክር አያገኝም።

ስለ ጥሪ ካርድም አንድ ቃል። የቁርኣን አንቀጽና የአላህ ስም በካርዱ ላይ ማተም የተለመደ ሆኗል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በማግሥቱ ግን ያ ካርድ ከዳሱ ወለል ላይ ሲረገጥ ይታያል። አንቀጹን በወረቀቱ ላይ ከማስዋብ በትዳሩ ውስጥ መኖር ይሻላል።

ወገኖቼ፣ ካርድ አታሳትሙ፣ ስኒ አታስጽፉ አላልኩም። ከማሳተማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ነገር ማንን ያስደስታል፣ ተቀባዩን ወይስ ተመልካቹን? ያለኝ ነው ወይስ የተበደርኩት? ከአጠገቤ የሚያፍርበት ሰው አለ ወይ? መልሱ ካማረ ስጦታው ያምራል፤ ካላማረ ወርቅ ቀለም አያድነውም። ስም መጻፊያው ብዙ ነው፤ ወረቀት፣ ብር፣ ስኒ። ሰው ግን ስሙ እንዲጻፍለት ከሚፈልገው በላይ፣ ሲመጣ «የት ቆየህ?» ብሎ የሚቀበለውን ይፈልጋል።

ወላሁ አዕለም።