የመነሻው ምርጫ

ሰው የሐሳቡን መነሻ ራሱ ይመርጠዋል ወይስ ተመርጦለት ያገኘዋል? ለዚህ ጥንታዊ ጥያቄ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ያልተጠበቀ ምስክርነት ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው የአፕል ማኪንቶሽ ኤስ ኢ/30 በውስጡ ከሚይዘው ሀርድ ዲስክ ሌላ፣ ተጨማሪ ዲስኮች ከጀርባው በገመድ ይያያዙለታል። ባለቤቱ በአንዱ ዲስክ የቆየውን ሲስተም፣ በሌላው አዲሱን ቢያኖር፣ ኮምፒዩተሩ ከየትኛው እንደሚነሳ መወሰን ይችላል። ውሳኔው ግን ወዲያው አይፈጸምም፤ የሚጸናው ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሳ ነው። ምርጫውን የሚቀበለው ሲስተም ራሱ ከአንዱ ዲስክ የተነሳ ነውና፣ የሚወሰነው የሚቀጥለው መነሻ እንጂ የአሁኑ አይደለም።

የሰውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አስተዳደጉን የሚመረምረው ኅሊና ያው አስተዳደጉ የቀረጸው ኅሊና ነው። የአባቶቹን ቂም ሊጥል የሚሻ ሰው እንኳ ስለ ቂም የሚያስበው ከእነርሱ በወረሰው ቋንቋ ነው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ምርጫ የሚባል ነገር የለም» የሚል አይጠፋም። ሆኖም የዛሬው መነሻ ያልተመረጠ መሆኑ ስለ ነገው ከመጠየቅ አያድንም።

ተጠያቂነቱም በአንድ ቀን ውሳኔ አያበቃም። ኮምፒዩተሩ ምርጫውን የሚያስታውሰው 3.6 ቮልት ባላት ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ኃይል ነው። ባትሪዋ ስትሞት ምርጫው ይረሳል፤ ቀኑም የዘመን መቁጠሪያው መነሻ ወደሆነው ወደ 1904 ሊመለስ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ግን ሥራውን አያቆምም። አምራቹ በወሰነለት ቅደም ተከተል ዲስኮቹን ፈትሾ፣ ሲስተም ካገኘበት ይነሳል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሚነሳበት ዲስክ ፈጽሞ ያጣ ማኪንቶሽ በስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ ጉድለቱ ለሁሉም ይታያል። በዝምታ ወደ ቀድሞው ዲስክ የተመለሰው ግን ጤነኛ ይመስላል። ይቅር ያለ ሰውም እንዲሁ ነው። ዕርቁን ከዓመታት በፊት ፈጽሞ፣ ቃሉን ግን ሳያድስ ቢኖር፣ በቁጣ ቀን ከአሮጌው ቂም ተነስቶ ይናገራል፤ የሚናገረውም ፍርድ እንጂ ቂም አይመስለውም። ስለዚህ ይቅርታ ያደረገ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «መርጫለሁን?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ የተነሳሁት ከመረጥኩት ነውን?» ብሎም ነው።