ሳያውቅ የተወጋ ሰው

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት እውነት የሚሆነው ግን የተወጋው ሰው መወጋቱን ያወቀ እንደ ሆነ ነው። በጦር የተወጋ ደሙን ያያል፤ በዱላ የተመታም ሕመሙ ወዲያው ይሰማዋል፤ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የመታውን ሊያስቆምና ዳኛ ፊት ሊያቀርበው ይችላል። ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተወጋ፣ ቍስሉ በሳንባው ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ሰው ምን ይሁን? የወጋው ረስቷል፤ የተወጋውም አላወቀም። ሕመሙ በተገለጠ ጊዜ ሕግ «ቀኑ አልፎብሃል» ብሎ በሩን ሊዘጋበት ይገባልን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የአሜሪካን የምድር ባቡር ሠራተኞች ታሪክ መርጠናል። ጥያቄው በዚያ አገር ሸንጎና ችሎት ለብዙ ዘመን ሲመረመር ስለ ቆየ፣ የሌላውን ክርክር መመልከት የራስን ኅሊና ለመመርመር ይረዳል ብለን እናምናለን። ስለዚያ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ቍስሉ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። ሐዲድ በዝናብ ወይም በውርጭ የረጠበ እንደ ሆነ፣ ወይም ባቡሩ ዳገት ሲወጣ፣ የብረቱ መንኰራኵር እንዳይንሸራተት ከሎኮሞቲቩ ሣጥን ደረቅ አሸዋ በቧንቧ እየወረደ በመንኰራኵሩ ፊት ይረጫል። አሸዋው ሲደቅ በውስጡ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ዐይን የማያየው ብናኝ ይሆናል። ይህ ብናኝ ወደ ሳንባ ጠልቆ ከገባ ሳንባው በጠባሳ ላይ ጠባሳ እየሠራ ይደድራል፤ እስትንፋስም ያጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። የእንፋሎቱ ማፍያና ቧንቧ ሙቀት እንዳያባክን ይሸፈንበት የነበረው አስቤስቶስም እንዲሁ ሳንባን ያጠባስሳል፤ ካንሰርም ያመጣል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከዐሥርና ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። እንፋሎትን የተካው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጢስም ከክሱ ነጻ አልወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣን ጢስ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋራ መድቦታል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአሜሪካ ፍርድ ለእንደዚህ ያለ ሠራተኛ ቀርቶ እጁ ለተቈረጠው እንኳ የሚራራ አልነበረም። ባለ ባቡሩ በሦስት ቃል ያመልጥ ነበር። አንደኛው «አደጋ እንዳለበት እያወቅህ ገብተሃልና ተቀብለኸዋል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ጥፋቱ የሥራ ባልንጀራህ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» የሚል ነው፤ ሦስተኛውም «ከጥፋቱ ጥቂቱ የአንተ ነውና ምንም አይገባህም» የሚል ነው። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በ1889 ለኮንግሬስ በላኩት መልእክት፣ ጠቃሚ ሥራ የሚሠራ ዜጋ በጦር ሜዳ ላይ ያለ ወታደርን በሚያህል አደጋ ውስጥ መኖሩ ለሥልጣኔያቸው ነውር መሆኑን ገለጡ። በ1908 የባቡር ሠራተኞች ጉዳት ካሣ ሕግ ወጣ፤ የባልንጀራ ጥፋት ማምለጫ መሆኑ ቀረ፤ የሠራተኛውም ጥፋት ካሣውን የሚቀንስ እንጂ የሚያስቀር አልሆነም። በ1939 ደግሞ «አደጋውን ተቀብለኸዋል» የሚለው መከራከሪያ ተሻረ፤ ክስ የሚቀርብበትም ጊዜ ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት ተራዘመ።

ይሁን እንጂ ሦስቱ ዓመት የሚቈጠሩት ከመቼ ጀምሮ ነው? ነገሩ የተፈተነው በአንድ እሳት አንዳጅ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው በሚዙሪ ፓሲፊክ ምድር ባቡር በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ1940 አቅም አንሶት ሥራውን ተወ፤ ሲሊኮሲስ እንደ ያዘውም ተነገረው። በ1941 ክስ አቀረበ። የአሸዋው መርጫ በደንብ ባለመሠራቱ ብናኙ እርሱ ወደሚሠራበት ክፍል ይገባ እንደ ነበር አስረዳ። የተከሳሹ ወገን በበኩሉ ሕጉ «ጉዳት» ሲል ድንገተኛ አደጋን እንጂ በሽታን አላለም አለ፤ ቢልም እንኳ ብናኙን መሳብ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ሆነ በይርጋ ታግዷል ሲል ተከራከረ።

የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1949 ለሠራተኛው ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዋይሊ ራትሌጅ ናቸው። በቀስታ የሚገድለውም በድንገት እንደሚገድለው ሁሉ ጉዳት ነው ተባለ፤ ጊዜውም ሊቈጠር የሚገባው በሽታው ከተገለጠበት ጀምሮ እንጂ ማንም ሊለየው ከማይችል ከአንድ የብናኝ እስትንፋስ ጀምሮ አይደለም ተባለ። ሠራተኛው አለማወቁ ነቀፋ የለበትምና ባለማወቁ መብቱን ሊያጣ አይገባም።

እዚህ ላይ ለሌላውም ወገን ፍርድ እናድላ። ይርጋ ያለ ምክንያት የተሠራ ሕግ አይደለም። ምስክር ይሞታል፤ ወረቀት ይጠፋል፤ ሰውም ዕድሜውን ሙሉ በድሮ ነገር ሲፈራ ሊኖር አይገባውም። የተገለጠ በደል ይዞ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ሲዘገይ ቢወድቅበት ራሱን ይውቀስ። ነገር ግን የይርጋ መሠረቱ ቸል ባይን መገሠጽ ከሆነ፣ ቸል ያላለውን መቅጣት መሠረቱን መናድ ነው። ያላየውን ሌባ አላሳደድህም ተብሎ የሚወቀስ ማን አለ?

ከዚህ ፍርድ ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ጉዳይ በ1997 ቀረበ። በኒውዮርክ ዋና ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ቧንቧ ሠራተኛ በአስቤስቶስ ብናኝ ሲሸፈን ቆይቶ አደጋውን ተረዳ፤ አልታመመም፤ ግን ይፈራ ነበር። ፍርድ ቤቱ የበሽታ ምልክት ሳይታይበት ለፍርሃቱ ብቻ ካሣ ሊያገኝ አይችልም አለ። በ2003 ግን ሳንባቸው በአስቤስቶስ መታመሙ የተረጋገጠ ስድስት ሠራተኞች፣ የካንሰር ፍርሃታቸው እውነተኛና ጽኑ መሆኑን ካስረዱ ለፍርሃቱም ካሣ ሊቀበሉ እንደሚችሉ ፈረደ፤ አምስት ዳኞች ተስማሙ፤ አራቱ ተለዩ። የመጀመሪያው እሳት አንዳጅ እየታመመ አላወቀም፤ ቧንቧ ሠራተኛው እያወቀ አልታመመም። ወሰን የሌለው ክስ እንዳይከተል ዳኞች ድንበር ማበጀታቸውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ፍርሃት በሕግ ሚዛን ባይነሣም በኅሊና ሚዛን ክብደት አለው።

ይህ የ1908 ሕግ ራሱ አንድ ጭንቅ አለበት። ሠራተኛው የባለ ባቡሩን ጥፋት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ማስረዳት አለበት። ካስረዳ ጉዳቱ በሙሉ ይመዘንለታል፤ ካላስረዳ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ክርክሩም ሲራዘም እስትንፋስ ላጠረው ሰው ዓመቱ ረጅም ነው። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ነው፣ ሌላውን መንገድ ይዟል። በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ ከጉዳት ይቈጥራል፤ አሠሪውንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ያደርጋል። አንደኛው መንገድ እውነቱን ያወጣል፤ ሁለተኛው እንጀራውን ያደርሳል። ምርጫ ቢቀርብልን እኛ እንጀራው ቀድሞ ይድረስ፤ ጥፋቱም አይሸፈን እንላለን።

እንግዲህ ካሣ ምንድር ነው? የእስትንፋስ ዋጋ እንዳንለው፣ እስትንፋስ ዋጋ የለውም፤ በገንዘብም አይመለስም። ምጽዋት እንዳንለውም፣ ምጽዋት ሰጪው ሲፈቅድ የሚሰጥ ነው። እኛ ካሣን የተደበቀ ዕዳ መክፈል ነው እንላለን። ስንዴውና ከሰሉ በባቡር ተጭኖ በርካሽ ሲደርስ፣ ከዋጋው ከፊሉ በመዝገብ ሳይጻፍ በእሳት አንዳጁ ሳንባ ተጽፎ ነበር። ካሣ ያንን ሒሳብ ከሳንባ አውጥቶ ወደ መዝገብ ይመልሰዋል፤ የተጠቀመውም ያውቀዋል፤ ብናኙን ማስቀረት ካሣ ከመክፈል እንደሚረክስም ይማራል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እናስተውል። የሠራተኛው መብት የሚነቃው በማወቁ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ትልቅ ዕዳ አለበት። ብናኙን የለካ መሐንዲስ፣ የደረት ፎቶግራፉን ያየ ሐኪም፣ መዝገቡን የያዘ ጸሐፊ፣ ሥራ ቦታውን የጐበኘ ተቈጣጣሪ፣ እነዚህ ሁሉ የሌላውን ሰው ቍስል ከባለቤቱ በፊት የሚያዩ ናቸው። የዝምታቸው ብዛት በእርሱ ዕድሜ ይቈጠራል። በመዝገብ ቤት ሣጥን ውስጥ የተረሳች አንዲት የሕክምና ወረቀት የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ይዛ ልትቀር ትችላለች።

የተወጋው የማያውቅ በሆነ ጊዜ ያወቀው ሊረሳ አይገባውም። ተረታችን በዚህ በኩል ቢሞላ፣ ከፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚድን እስትንፋስ ይበዛል።